ቅጣቱ አልቋል፣ መዝገቡስ? ስለ «መሰየም» ማወቅ ያለብን

አንድ ወጣት በ19 ዓመቱ ጠብ ውስጥ ይገባና ሰው ያቆስላል። ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል፣ ስምንት ወር ታስሮ ይወጣል። ከዚያ ትምህርቱን ይጨርሳል፣ ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል፣ ሰላቱን በጀማዓ ይሰግዳል። ከአስር ዓመት በኋላ ደህና ሥራ ያገኝና ቀጣሪው «ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ አምጣ» ይለዋል። አሻራ ሰጥቶ ወረቀቱን ሲቀበል ያ የድሮ ፍርድ ተጽፎ ያገኘዋል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለበት ሰፈር የለም። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ ልትሄድ ተዘጋጅታ በዚህ ወረቀት የቀረች እህት፣ ለመንጃ ወይም ለጥበቃ ሥራ ተወዳድሮ ያለፈና በመጨረሻዋ ቀን የተመለሰ ወንድም እናውቃለን። ሁሉም የሚሉት ነገር ተመሳሳይ ነው፦ «ቅጣቴን ጨርሻለሁ እኮ!» እውነታቸውን ነው፣ ቅጣቱ አልቋል። ያላለቀው መዝገቡ ነው። ሕጉ ቅጣትንና መዝገብን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ከማረሚያ ቤት መውጣት መዝገቡን አይሰርዘውም፤ አስርም ሃያም ዓመት ቢያልፍ በራሱ አይሰረዝም። የሚሰረዝበት መንገድ ግን አለ። ባለጉዳዩ ራሱ ለፍርድ ቤት አመልክቶ የሚያገኘው ሲሆን በሕጉ ቋንቋ «መሰየም» ይባላል።

ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። በዕለት ንግግራችን ኮሚቴ ይሰየማል፣ ችሎት ይሰየማል፤ ሰው ሹመት ላይ ሲቀመጥ ተሰየመ እንላለን። በወንጀል ሕጉ ውስጥ ግን መሰየም ማለት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ ተሰርዞለት ወደ ቀድሞ ስሙና መብቱ መመለሱ ነው። ቃሉ ስለማይታወቅ መብቱም ሳይታወቅ ቀርቷል። «ሪከርድ ማስጠፋት ይቻላል ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ «መሰየም እፈልጋለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄደው ግን ጥቂት ነው። ድንጋጌው አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ባረቀቁት የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥም ነበረ። አሁን በሥራ ላይ ባለው፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ በግንቦት 1997 መሥራት በጀመረው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ እስከ 237 ባሉት ስድስት አንቀጾች ተቀምጧል።

ሕጉ የሚጠይቀው

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌላ ቅጣት የተቀጣ ሁሉ (ቀላል እስራትም መቀጮም) ቢያንስ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው ቅጣቱ ተፈጽሞ ካለቀበት፣ በይርጋ ከታገደበት ወይም በይቅርታ ከቀረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የቅጣቱ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የታሰረበትን ጊዜ ያስታውሳል፣ ጽኑ ይሁን ቀላል ግን አያውቅም። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ስለሆነ፣ «ሁለት ዓመት ተፈረደብኝ» የሚል ሰው ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግረው የፍርዱ ግልባጭ ብቻ ነው። ከላይ ያነሳነው ወጣት ስምንት ወር የታሰረው በቀላል እስራት ከሆነና በመስከረም 2006 ከወጣ፣ ከመስከረም 2008 ጀምሮ ማመልከት ይችል ነበር። የቀሩትን ዓመታት ሁሉ የተሸከመው ባለማወቁ ነው።

ሁለተኛው ተጨማሪ ቅጣቶችን ይመለከታል። ፍርድ ቤቱ ከእስሩ ጋር ከአንዳንድ መብቶች ሽሮት ከሆነ (በአንቀጽ 123 እንደተቀመጠው መምረጥና መመረጥን፣ ለሰነድ ምስክር ወይም ዋስ መሆንን፣ የልጅ አሳዳሪነትን፣ አንድን ሙያ መሥራትን ሊጨምር ይችላል) እርሱም ማለቅ አለበት። ሦስተኛው መልካም ጠባይ ነው፤ በመጠበቂያው ዓመታት ውስጥ በእስራት የሚያስቀጣ ሌላ ወንጀል ሠርቶ አለመፈረዱ።

አራተኛው ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን፤ ባለጉዳዮች ቸል የሚሉትም እርሱን ነው። ሕጉ አመልካቹ የተወሰነበትን ካሣ፣ መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ «ከሁኔታው አንጻር በሚጠበቅበት መጠን» መክፈሉን ይጠይቃል። የታሰርኩበት ይበቃል ብሎ የተበዳዩን ካሣ የተወ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ይህ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ መሆን የለበትም። ዑለማዎቻችን የተውበትን መስፈርቶች ሲያስቀምጡ ከወንጀሉ መራቅን፣ መጸጸትን፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥን ይጠቅሱና ጉዳዩ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ አራተኛ ይጨምራሉ፦ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። ኢማም አን-ነወዊ ሪያዱ አስ-ሷሊሒን በተሰኘው ኪታባቸው የተውበትን ምዕራፍ የሚከፍቱት ይህንኑ በማብራራት ነው። የሰረቀ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኢስቲግፋር ቢያደርግ የተሰረቀው ንብረት አሁንም ሐቅ ሆኖ ጫንቃው ላይ ነው። ሕጉ «በሚጠበቅበት መጠን» ማለቱም በቂ ምክንያት አለው፤ የሌለው ሰው የሌለውን እንዲከፍል አይገደድም። በሱረቱል በቀራ መጨረሻ ላይ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው የመጣውን ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው ነጥቡ ይገባዋል። ግን መቸገርና መተው ለየቅል ናቸው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ደረሰኙን ያስቀመጠ ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር አለው። ተበዳዩ ካሣውን በሽምግልና ትቶለት ከሆነም ያንን በጽሑፍ አድርጎ ማስፈረም ያስፈልጋል። በየመስጂዱ ደጃፍ የሚደረጉ እርቆች በቃል ብቻ ያልቁና ከአስር ዓመት በኋላ መስካሪ ሽማግሌ ይጠፋል።

በተለየ ሁኔታ ለሀገር የሚያስመሰግን ተግባር የፈጸመ ሰው ጊዜው ሳይሞላ የሚሰየምበት አጋጣሚም በሕጉ ውስጥ አለ። ብርቅ ስለሆነ እናልፈዋለን።

ይቅርታ፣ ምሕረት፣ መሰየም

እነዚህ ሦስቱ በኅብረተሰባችን አፍ ላይ አንድ ሆነዋል። በሕግ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ የእኛን ማኅበረሰብ ደግሞ በተለየ ይነካል።

ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ሌላ ውጤቱም ይቀጥላል። አንቀጽ 229 ይህን በግልጽ ይናገራል። ምሕረት ከዚህ በጣም ይሰፋል፤ በአንቀጽ 230 መሠረት ፍርዱን ራሱን ይሰርዛል፣ ሰውየው እንዳልተፈረደበት ይቆጠራል፣ መዝገቡም ይፋቃል። ምሕረትን የሚሰጠው ሕግ አውጪው በአዋጅ ነው፤ አንድ ግለሰብ ስለፈለገው አያገኘውም። መሰየም በውጤቱ ወደ ምሕረት ይቀርባል፤ ልዩነቱ በፍርድ ቤት የሚሰጥ መሆኑና ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ጥያቄ መሆኑ ነው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትን ጨምሮ 18 ሰዎች በጸረ ሽብር አዋጁ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት እንደተፈረደባቸው የማያስታውስ አንባቢ የለንም። በዚያው ዘመን ስማቸው በዜና ያልተነገረ ብዙ ወጣቶችም በየቦታው ተፈርዶባቸዋል። አብዛኞቹ በተለያየ ጊዜ የወጡት በይቅርታ ነው። ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው፤ ለሕዝቡ ድሮም ወንጀለኛ አልነበሩምና ጉዳዩ በዚያው ያለቀ መሰለ። በወረቀት ግን በይቅርታ መውጣት ፍርዱን አይሰርዝም። በ2010 የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ሲወጣ የሚመለከታቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ቀርበው የምሕረት የምስክር ወረቀት እንዲወስዱ ዕድል ተሰጥቶ ነበር። ያን ወረቀት የወሰደ ሰው ጉዳዩ አልቆለታል፤ ወረቀቱን በደንብ ያስቀምጥ። «ከተፈታሁ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የቀረ፣ ወይም ገጠር ሆኖ ያልሰማ ሰው ግን ዛሬ የቀረው በር መሰየም ነው። በ2010 በይቅርታ የወጣ ሰው የጽኑ እስራት መጠበቂያው አምስት ዓመት በ2015 ሞልቶለታል።

አንዳንድ ወንድሞች «በግፍ የተፈረደብኝን ፍርድ ይሰረዝልኝ ብዬ ማመልከቴ ወንጀለኛነቴን ማመን አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ስሜቱ ይገባናል። መሰየም ግን የእምነት ቃል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜን፣ ጠባይንና የዕዳ መከፈልን ነው። ንጹሕነቱን በሕግ ማስመስከር የሚፈልግ ሰው ሌላ ክርክር አለው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ሁለቱንም ማጣት ግን አይበጅም። ልጁን የሚያስተምርበትን ሥራ በዚህ ምክንያት መተው ትርፉ አይታየንም።

ዑለማዎች የተከራከሩበት ጥያቄ

የተቀጣ ሰው ወደ ሙሉ ታማኝነቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ይህ ጥያቄ ፊቅህ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። መነሻው ሱረቱ አን-ኑር አራተኛና አምስተኛ አንቀጽ ነው። በንጹሐን ሴቶች ላይ የዝሙት ስም ለጥፎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ሰማንያ ይገረፋል፣ ምስክርነቱም አይቀበሉትም፣ ፋሲቅ ተብሏል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ከዚያ በኋላ ተውበት ያደረጉትንና ሥራቸውን ያሳመሩትን ለይቶ ያወጣል። ክርክሩ «ለይቶ ያወጣቸው ከምኑ ነው?» የሚለው ላይ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ከፋሲቅነት ስያሜ ብቻ ነው ብለዋል፤ እንደ እርሳቸው በዚህ ጥፋት የተገረፈ ሰው ቢጸጸትም ምስክርነቱ አይመለስም። ኢማም ማሊክ፣ ኢማም አሽ-ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ ደግሞ ምስክርነቱም ይመለሳል ብለዋል። ልብ እንበል፤ የሐነፊዮች ጥብቅ አቋም በስም ማጥፋት ለተቀጣ ሰው ብቻ ነው። በስርቆት ወይም በመጠጥ የተቀጣና የተጸጸተ ሰው ምስክርነቱ እንደሚመለስ እነርሱም ይቀበላሉ።

ብዙኀኑ ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ውሳኔ ነው። ኢማም አል-ቡኻሪ በምስክርነት ምዕራፍ ርዕስ ላይ አውስተውታል። በአል-ሙጊራህ ላይ መስክረው የምስክሩ ቁጥር ባለመሙላቱ የተገረፉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዑመር ከቅጣቱ በኋላ ንግግራቸውን ትተው ከተጸጸቱ ምስክርነታቸውን እንደሚቀበል ነገራቸው። ሁለቱ ተመለሱ። አቡ በክራህ ግን አየሁ ባሉት ጸኑ። እዚህ ላይ የሚያስደንቀን ዑመር በሩን ያሳየው ራሱ ቀጪው ሆኖ ሳለ፣ ገና ቅጣቱን በፈጸመበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ስለ ጊዜውም ተነጋግረዋል። ተጸጸትኩ ያለ ሰው ምን ያህል ይታይ? በወሎና በሐረር ደረሳዎች የሚቀሩት የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅ አብዛኞቹ የመዝሀቡ ዑለማእ አንድ ዓመት እንዳሉ ያስቀምጣል። ምክንያታቸው አራቱ ወቅቶች የሰውን ጠባይ ይለዋውጣሉ፤ በጋና ክረምቱን አልፎ የጸና ጸጸቱ እውነተኛ ነው የሚል ነው። የኛ ሀገር ሕግ ሁለት ወይም አምስት ዓመት ብሏል። ቁጥሩ ይለያል፤ ሰውን ለተወሰነ ጊዜ አይቶ ከዚያ መመለስ የሚለው አስተሳሰብ ግን ሁለቱም ዘንድ አለ። ላልተወሰነ ጊዜ መጠርጠርን ሁለቱም አያውቁትም። ወላሁ አዕለም።

ከተሰየመ በኋላ

አንቀጽ 235 ሦስት ውጤት ይዘረዝራል። የተሻሩ መብቶች ይመለሳሉ። ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው ደጋግመን አይተነዋል። በክፋት ተነሳስቶ የተሰየመን ሰው የድሮ ፍርድ እያነሳ የሚነቅፍ በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» ማለት መከላከያ አይሆነውም፣ «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ማለትም እንደዚሁ።

ሐሜት ምን እንደሆነ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስረዱ «የምለው ነገር በወንድሜ ላይ በእርግጥ ካለስ?» ተብለው የተጠየቁበትን ሐዲስ እዚህ ላይ ማስታወስ ግድ ነው። መልሳቸው ካለበት አማኸው፣ ከሌለበት ደግሞ ቀጠፍክበት የሚል መልእክት ያለው ነበር። እውነትነቱ ሐሜቱን ሐላል አላደረገውም። በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣን አንድ ሶሐባ ሌላው ሲረግመው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለው፣ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መስክረውለታል። ይህ የሆነው ቅጣቱ በተፈጸመበት ዕለት እንጂ ከዓመታት በኋላ አይደለም። በየሰፈራችን ግን «ሌባው እገሌ» ተብሎ ሃያ ዓመት የሚጠራ፣ ልጁ ትምህርት ቤት «የእስረኛ ልጅ» የሚባል ሰው አለ። አስተማሪ በነበርንበት ጊዜ እንዲህ የሚባሉ ልጆችን አይተናል፤ አባታቸው ቅጣቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ የተወለዱ ነበሩ።

ይህ ማለት ግን ማኅበረሰቡ ጥንቃቄ አያድርግ ማለት አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴ በገንዘብ ማጉደል የተቀጣን ሰው ገንዘብ ያዥ ለማድረግ ቢያመነታ አይፈረድበትም። በማሊኪ መዝሀብ የተቀጣ ሰው ምስክርነቱ ይመለሳል፣ በተቀጣበት ዓይነት ጉዳይ ላይ ሲሆን ግን አይወሰድም የሚል ታዋቂ አቋም አለ። ሰውየውን የሒሳብ ደብተር ሳያስይዙ አዛን እንዲል፣ ቁርኣን እንዲያስቀራ፣ የሰደቃ ምግብ እንዲያከፋፍል ማድረግ ይቻላል። ስለ ትዳርም የተጠየቀ ሰው የሚያውቀውን የሚጠቅም ያህል መናገር ይችላል፤ ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለ ሁለት ጠያቂዎቿ ስታማክር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሁለቱንም ሁኔታ ነግረዋታል። ለተጠየቁት ሰው፣ በተጠየቁት ልክ ብቻ። ሠርግ ቤት ተሰብስቦ ማውራት ከዚህ ውስጥ አይገባም።

የተሰየመ ሰውም አማና አለበት። ከተሰየመ በኋላ ተመልሶ ከባድ ወንጀል የሠራና የተፈረደበት መሰየሙ ይሻርበታል።

እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ የተፈረደበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዶ የውሳኔውን ግልባጭ ማውጣት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን የማያስታውስ ሰው ስሙን እስከ አያት፣ የተፈረደበትን ዓመትና ከተቻለ ችሎቱን ይዞ ይሂድ። ቀጥሎ ከማረሚያ ቤት ቅጣቱን መፈጸሙን ወይም በይቅርታ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመቀጮና የካሣ ደረሰኝ ወይም የእርቅ ሰነድ ይሰበሰባል። ስለ ጠባዩ ከሚኖርበት ቀበሌ ወይም ወረዳ፣ ከሚሠራበት ቦታ ማስረጃ ቢጨምር ይረዳዋል። መስጂዶቻችንና የየወረዳው መጅሊስ እዚህ ላይ ቢያግዙ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንድን ሰው ለዓመታት የሚያውቁ ኢማም የሚጽፉት ደብዳቤ ክብደት አለው። ከዚያ በኋላ ማመልከቻው በአንቀጽ 232 እና ተከታዮቹ መሠረት ለፍርድ ቤት ይቀርባል። አቅም ያለው ጠበቃ ይያዝ፤ አቅም የሌለው በሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ጥያቄው በባለጉዳዩ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ ሊቀርብ ስለሚችል ውጭ ሀገር ያለ ሰው በኤምባሲ በኩል ውክልና መስጠት ይችላል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ብዙዎች እፎይ ብለው ቤታቸው ይገባሉ። የውሳኔው ግልባጭ መዝገቡን ለያዘው የፖሊስ ክፍል ደርሶ እዚያም መሰረዙን ራስዎ ተከታትለው ያረጋግጡ። ፍርድ ቤት የሰረዘው ፍርድ ፖሊስ ጋ እንዳለ ከቆየ ወረቀቱ ላይ ያው ይወጣል።

ተከሶ ነጻ የተባለ፣ ወይም ምርመራ ተጀምሮበት ክሱ የተዘጋ ሰው መሰየም አያስፈልገውም፤ የተፈረደበት ነገር የለምና። የነጻነት ውሳኔውን ወይም የመዝገቡን መዘጋት የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ፖሊስ ጋ ማስተካከል ነው። በገደብ የተለቀቀ ሰው ደግሞ የገደቡ ዓይነት ስለሚለያይ ውሳኔውን ለሕግ ባለሙያ ያሳይ።

ከደላላ ይጠንቀቁ። «በሁለት ቀን ንጹሕ ክሊራንስ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል በመሆኑ የሁለት ዓመት ትዕግሥት የሚሰርዘውን የድሮ ጥፋት በአዲስ ፍርድ ይተካዋል። በዲናችንም የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች ተቆጥሯል።

«ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚል ቅጽ ሲሞላስ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ከመሰየሙ በፊት «አላውቅም» ብሎ መሙላት ውሸት ነው። ከተሰየመ በኋላ ግን ሕጉ ፍርዱን እንዳልነበረ ቆጥሮታል፤ በሀገር ውስጥ ቅጽ ላይ «የለም» ብሎ መሙላት ሕጉ የሰጠውን መልስ መስጠት ነው። የሌላ ሀገር መንግሥት ቅጽ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያ መንግሥት የሚጠይቀው በራሱ ሕግ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳዩ ሂደት ኤክስፐንጅመንት ይባላል። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ መዝገቡን ይሰርዛል፣ አንዳንዱ ከሕዝብ ዓይን ይዘጋዋል። በ2018 ፔንሲልቬኒያ ቀድማ ያወጣችውን ዓይነት ሕግ ያላቸው ስቴቶች ደግሞ የተወሰኑ ቀላል ጥፋቶችን ሰው ሳያመለክት በራሳቸው ይዘጋሉ። ለሥራና ለቤት ኪራይ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዜግነት ላልወሰደ ወገናችን ግን አደገኛ ወጥመድ አለበት። የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ከ1996 ወዲህ ለፍርድ የራሱ ትርጉም አለው፤ ስቴቱ ሰውየው ታርሟል ብሎ ያጠፋለት ፍርድ ለኢሚግሬሽን አሁንም ፍርድ ነው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400 የሚባለው ቅጽ፣ የተሰረዙና የተዘጉ ጉዳዮችንም ጨምሮ እንዲነገር ይጠይቃል። «ዳኛው አጥፍቶልኛል» ብሎ የደበቀ ሰው በድሮው ጥፋት ሳይሆን በዋሸው ይያዛል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ለስቴቱ ፍርድ ቤት ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊትም የክሱን፣ የውሳኔውንና ቅጣቱን የመፈጸሙን ማኅተም ያለው ግልባጭ አውጥቶ ቤቱ ያስቀምጥ፤ ኢሚግሬሽን እነዚህን ወረቀቶች ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ «እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም» ሊለው ይችላልና።